ባዶው ጠርሙስ የማን ነው?



የምግብና የመጠጥ ኩባንያዎች አካባቢን እንጠብቃለን ብለው ቃል ሲገቡ እንሰማለን። ቃሉ በተግባር ላይ ሲደርስ ምን ያደናቅፈዋል? በዚህ እትማችን የኮካ ኮላን ጉዳይ በምሳሌነት እናያለን።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2018፣ እስከ 2030 ድረስ የሚሸጠውን ያህል ጠርሙስና ጣሳ መልሶ ለመሰብሰብ ዕቅድ አወጣ። በ2022 ደግሞ በ2030 ቢያንስ 25 በመቶ መጠጡን ተመልሶ በሚሞላ ዕቃ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። በ2024 መጨረሻ ላይ ግን ዕቅዱን ከለሰ። የመሰብሰቡ ግብ ከ70 እስከ 75 በመቶ ወርዶ ወደ 2035 ተሸጋገረ፤ የ25 በመቶው ግብ ከነጭራሹ ቀረ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ወጪ ነው። ለስላሳ በጠርሙስ ስንጠጣ ባዶውን ለባለሱቁ እንመልሳለን። ፋብሪካው ሳጥኑን ጭኖ ይወስዳል፣ ያጥባል፣ የተሰነጠቀውን ይለያል፣ እንደገና ይሞላል። ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል። ባዶ ሃይላንድ ግን ተመላሽ የለውም። የሚለቅመው ቆራሌው፣ ቦይ ሲዘጋ የሚጠርገው ማዘጋጃ ቤቱ፣ ጎርፍ የሚገባበት ደግሞ የሰፈሩ ነዋሪ ነው። የእነዚህ ሰዎች ድካምና ጉዳት በኩባንያው ሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ሁለተኛው ፉክክር ነው። አንዱ ኩባንያ ብቻውን ወጪውን ቢሸከም ሌላው በርካሽ ሸጦ ገበያውን ይወስድበታል።

ሦስተኛው የተጠያቂነት ጉድለት ነው። ኩባንያው በፈቃዱ ያወጣውን ግብ በፈቃዱ ሊለውጠው ይችላል፤ የሚያስገድደው ሕግ ከሌለ የሚጠይቀው የለም።

እንቅፋቶቹ ግን የማይነሱ አይደሉም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አንዴ ተጠቅመው በሚጥሏቸው ጠርሙሶችና ጣሳዎች ላይ መያዣ በሕግ አስገደደች። ዛሬ መያዣው ለአንዱ 25 የዩሮ ሳንቲም ነው፤ ገዢው ባዶውን ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበላል። በዚህም ከ10 ጠርሙስ ከ9 በላይ ይመለሳል። ሕጉ ሁሉንም እኩል ስለሚመለከት ቀድሞ የጀመረ አይከስርም።

ይህ ጉዳይ ከዲናችን የራቀ አይደለም። ሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 34 ቃል ኪዳን እንደሚያስጠይቅ ያስተምረናል። በሱረቱል አዕራፍ ቁጥር 31 ደግሞ የመብላትና የመጠጣት ፈቃድ ኢስራፍን ከመከልከል ጋር አብሮ መጥቷል። አንዱ አምራቹን፣ ሌላው እኛን ጠጪዎቹን ይመለከታል።

ከመካከላችን ነገ የሒሳብ ባለሙያ፣ መሐንዲስ ወይም ሕግ አርቃቂ የሚሆን አለ። በደረሰበት ቦታ ሁሉ “ባዶው የማን ነው?” ብሎ መጠየቅ አማናው ነው። ለጊዜው በእጃችን ያለው የጀመዓችን ኢፍጣር ነው። በመጪው ረመዳን ውሃው በባለቧንቧ በርሜል ቢቀርብና ሁላችንም የየራሳችንን ኩባያ ይዘን ብንመጣ፣ የኩባንያዎቹን ኃላፊነት ባይተካም የራሳችንን ድርሻ እንወጣለን ኢንሻአላህ።