የብላቴን ጌታ ኅሩይ ምክርና የዛሬው ጸሐፊ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት የደረሱ፣ የጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤትንም ያቋቋሙ ደራሲ ነበሩ። በ1910 ዓ.ም. ባሳተሙት «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ መልካም ጠባይ መክረዋል። በ1931 ዓ.ም. በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር ዐረፉ፤ ምክራቸው ግን ለዛሬው ትውልድም ያስፈልገዋል።

በዚያ ዘመን የደራሲ ቃል ከሕዝብ ዘንድ የሚደርሰው በፊደል ለቃሚው እጅና በአራሚው ዓይን ካለፈ በኋላ ነበር። ዛሬ ግን በጅማ አጠገብ በደዶ ለሚኖር ቡና ነጋዴ የእጅ ስልኩ ማተሚያ ቤት ሆኖለታል፤ የጻፈው ሁሉ፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ ወዲያው ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ይደርሳል። ሕጉም ይህን ተመልክቶ፣ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185፣ ሐሰተኛ ወሬ የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ እንደ ሆነ፣ በጋዜጣ ወይም በራዲዮ እንደ ተነገረ ቈጥሮ ቅጣቱን ያከብደዋል።

ነገር ግን ቅጣት የሚመጣው ጕዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ሹሙም ካህኑም ለጽሕፈቱ አራሚ ራሱ ይሁን፤ እውነቱን ሳይመረምር አይላክ፤ ከባልንጀራው ፊት ቆሞ ሊናገረው የሚያፍርበትንም አይጻፍ።