ማይክሮፓይተን፦ ጠባብ ቤት የለመደ ቋንቋ

ፓይተንን የማያውቅ የኮምፒውተር ተማሪ አሁን የለም ማለት ይቻላል። በትናንሽ ቺፖች ላይ እንዲሠራ የተዘጋጀውን ማይክሮፓይተንን ግን ብዙው ሰው የልጆች መጫወቻ አድርጎ ያልፈዋል፤ እኔን ደግሞ ይህ ያናድደኛል። አውስትራሊያዊው የፊዚክስ ምሁር ዴሚየን ጆርጅ በ2013 እ.ኤ.አ. በኪክስታርተር ገንዘብ አሰባስቦ ያወጣው ነው። አብሮት የወጣው የመጀመሪያው ቦርድ 192 ኪሎባይት ራም ነበረው። ራስበሪ ፓይ ፒኮ የተባለው ቦርድ ያለው 264 ኪሎባይት ነው፤ 8 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ከ30,000 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ሆኖም ኮዱን የሚያነበውም የሚያስፈጽመውም ቺፑ ራሱ ነው፤ ላፕቶፑ መጻፊያ ብቻ ነው።

ወደ አዲስ ቺፕ ማሻገር ቋንቋውን እንደ አዲስ መጻፍ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ዋናው አካል በሲ የተጻፈ ስለሆነ አሻጋሪው ፊደል በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣና ጊዜ እንዴት እንደሚቆጠር ካሳየው አብዛኛው ሥራ አለቀ። ጣጣው ያለው ሥራ ያበቃውን የራም ቦታ የሚጠርገው ጋርቤጅ ኮሌክተር ላይ ነው።

በ32 ቢት ቺፕ ላይ ራሙ በ16 ባይት ክፍሎች ተሸንሽኗል። ኮሌክተሩ የትኛው ክፍል ሥራ ላይ እንዳለ ለማወቅ ከሬጅስተሮቹና ከስታኩ ተነስቶ አድራሻ የሚመስለውን ሁሉ ይከተላል። አሻጋሪው አንዲት ሬጅስተር ከዘነጋ፣ ሥራ ላይ ያለ ነገር እንደ ቆሻሻ ይጠረግና ፕሮግራሙ ከሰዓታት በኋላ ድንገት ይወድቃል። ደግሞም ያገኘው ቁጥር ይሁን አድራሻ በእርግጠኝነት ስለማይለይ፣ አንዴ የተቀመጠን ነገር ከቦታው አያነሳም።

የዚህን ጦስ ያየሁት አሶሳ ነው። አንድ ወጣት በማንጎ ችግኞች ሥር የአፈር እርጥበት የሚለካ ፒኮ ቀብሯል። ሲመሽ ቦርዱ ቀጥ ይላል። «ጋሼ፣ ሚሞሪው ሞልቷል፤ ትልቅ ቦርድ ልግዛ መሰለኝ» አለኝ። ነፃ ቦታውን ስንጠይቀው ከግማሽ በላይ ባዶ ነው! ልጁ የቀኑን ልኬት ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ላይ ይቀጥላል። በተቀጠለ ቁጥር አሮጌው ከነሙሉ ርዝመቱ ወደ አዲስ ቦታ ይገለበጣል፤ አዲሱ ቦታ ደግሞ ሳይቆራረጥ የተያያዘ መሆን አለበት። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ አሥር ወንበር ባዶ ቢሆንም፣ ወዲያና ወዲህ ከሆነ አራት ሆነው ጎን ለጎን መቀመጥ ለሚፈልጉ አይሆንም፤ እዚህ ደግሞ «እስቲ ጠጋ በሉ» የሚል ረዳት የለም።

መፍትሔው እያንዳንዱን ልኬት ፋይል ላይ ጽፎ መልቀቅ ነበር። ትልቅ ባፈር የሚያስፈልገው ሰውም ቦታው ሳይቆራረስ ገና ከጅምሩ ይያዘው። አስርዮሽ ቁጥር የምታበዙም ልብ በሉ፦ በእነዚህ ቦርዶች ላይ 24.5 በተሰላ ቁጥር አንድ ክፍል ይወስዳል፤ 245 ብላችሁ ብትይዙት ግን ትንሽ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ምንም አይወስድም። ነጥቡን በመጨረሻ ስታሳዩ ታስገቡታላችሁ። ይህን ሳይሞክሩ «ፓይተን ከባድ ነው» ማለት ስንፍና ነው።

ስክሪን ለምትገጥሙ፦ ከማይክሮፓይተን ጋር የሚመጣው ባለ 8 በ8 ነጥብ ፊደል ላቲን ብቻ ነው። «አሶሳ» በዩቲኤፍ-8 ሦስቱም ፊደላት ሦስት ሦስት ባይት ይዘው 9 ባይት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ስክሪኑ ላይ እንዲታዩ ግን የፊደሎቹን ቅርጽ ራሳችሁ ማስገባት አለባችሁ። ቅርጾቹን በባይት አድርጋችሁ ፈርምዌሩ ውስጥ አብራችሁ ካጠናቀራችሁ ፍላሹ ላይ ይቀመጣሉ፤ ራሙን አይነኩም።