የኮምፓስ መርፌ ዝም ብላ አትቆምም

ዛሬ በሳይንስ አምዳችን ስለ ኮምፓስ ላጫውታችሁ ነው። ኮምፓስ ሁሌ ወደ ሰሜን ያሳያል ብለን ተምረናል። ምድራችን ራሷ ትልቅ ማግኔት ስለሆነች ነው። ግን መርፌዋ በየቀኑ በጣም በጥቂቱ ወዲህና ወዲያ እንደምትል ታውቃላችሁ?

ይህን ያስተዋለው ጆርጅ ግራሃም የሚባል የለንደን ሰዓት ሠሪ ነው። በ1722 እ.ኤ.አ. የረጅም መርፌ ጫፍ በማጉያ መነጽር እያየ ከ1,000 ጊዜ በላይ መዘገበ። ማንም ሳይነካት መርፌዋ ትንቀሳቀስ ነበር።

ምክንያቷ ፀሐይ ናት። ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያለውን ስስ አየር ጨረሯ ሲመታው ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል። ያ አየር ይሞቅና ይነፍሳል። በምድር ማግኔት ውስጥ ሲነፍስ ደግሞ ኮረንቲ ይፈጠራል። ኮረንቲ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ ኮምፓስ ብናስቀምጥ መርፌዋ ትዞራለች አይደል? የሰማዩም እንደዚያው ነው፤ ሽቦ ብቻ የለውም። ማታ ኮረንቲው በጣም ይደክማል፣ ጠዋት እንደገና ይበረታል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር በኢትዮጵያ ያልፋል። እዚያ ላይ በነፃ የተንጠለጠለች መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳታዘነብል ቀጥ ብላ ትተኛለች። የሰማዩ ኮረንቲም በዚህ መስመር ላይ ከሌላው ቦታ በጣም ይበረታል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምድር ማግኔት ይለካል፤ ጣቢያው አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ማግኔት ጉልበት ወደ 36,000 ናኖቴስላ ነው። እኩለ ቀን ሲቃረብ ወደ 100 ገደማ ሊጨምር ይችላል።

«ይቺ ትንሽ ነገር ምን ታደርጋለች?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ከመሬት በታች የብረት ማዕድን የሚፈልጉ ሰዎች ማግኔት እየለኩ ይሄዳሉ። የፀሐይዋን ድርሻ ካልቀነሱ፣ በጠዋት ያልነበረ ማዕድን በ6 ሰዓት ያለ ይመስላቸዋል! ስለዚህ አንድ መለኪያ ቦታውን ሳይለቅ ቀኑን ሙሉ ይመዘግባል፣ በሌላው እየዞሩ ይፈልጋሉ። ከዚያ ሁለቱን ያስተያያሉ።

ጥያቄ ለእናንተ፦ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ብትጋረድ የሰማዩ ኮረንቲ ምን ይሆናል? ለምን? መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!