ገመናና ችሎት

ሰቆጣ ውስጥ ከአሠሪው ጋር የተጣላ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት የሚያስበው ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። «ገመናዬ አደባባይ ይወጣል» የሚል ስጋትም አብሮት አለ። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ በዙሪያው የሚነገረው ግን አብዛኛው ስህተት ነው።

«የሥራ ክርክር የአሠሪውና የሠራተኛው ጉዳይ ነው፤ ሌላውን ምን አገባው?» ይባላል። ያገባዋል። የሥራ ክርክር ችሎትም እንደ ሌላው ችሎት በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን፣ በአንቀጽ 14፣ ይህን መርህ ከወንጀል አልፎ ለፍትሐ ብሔር ክርክርም ደንግጎታል። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የተሟገቱት በዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው፤ ባላጋራዎች አላፊ አግዳሚውን አስቁመው «የመንገድ ዳኛ» ያደርጉት ነበር። ሕዝብ ሲሰማ ዳኛው ይጠነቀቃል፤ ምስክሩም ሐሰት ለመናገር ያፍራል።

«እንግዲያው ምሥጢሬ ሁሉ ይዘረገፋል» ማለት ግን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ስለ ተከሰሱ ሰዎች በሚናገርበት አንቀጽ 20፣ ችሎት በዝግ የሚታየው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የሀገርን ደህንነት ለመጠበቅ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ቃል ኪዳኑም ለሥራ ክርክር ተመሳሳይ ዕድል ይሰጣል። የሠራተኛው የሕክምና ውጤት ወይም የወሲብ ትንኮሳ ዝርዝር የሚነሳበት ችሎት ሊዘጋ ይችላል። ያልተከፈለ ደመወዝ ክርክር ግን አሠሪው ስላፈረ ብቻ አይዘጋም። ደግሞም የሚዘጋው ክርክሩ እንጂ ፍርዱ አይደለም፤ በቃል ኪዳኑ መሠረት የወጣቶች ጥቅም፣ የጋብቻ ክርክር ወይም የልጆች ሞግዚትነት ካልሆነ በቀር ፍርድ ይፋ መሆን አለበት።

በችሎት የተባለውን የዘገበ በስም ማጥፋት ይከሰሳል የሚባለውም የተጋነነ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በችሎት የተነገረን የደገመ ሰው ሌላውን ለመጉዳት ብቻ አስቦ ካላደረገው አያስጠይቀውም።

እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ «ስሟ ካልተጠራ ማን ያውቃታል?» የሚለው ነው። አዲስ አበባ ላይ «አንዲት የሆቴል ገንዘብ ተቀባይ» ብሎ መጻፍ ሰው ይሸሽግ ይሆናል። ሰቆጣ ላይ ግን ሙያዋን፣ ሆቴሉንና የተቀጠረችበትን ዓመት የጻፈ ስሟን እንደጻፈ ይቆጠራል፤ በዙሪያዋ ባሉት በደሃናና በዝቋላ ወረዳዎች ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይበቃል። በእንግሊዝ የሥራ ክርክር ፍርዶች ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ በኢንተርኔት ይወጣሉ፤ ዳኞች ግን አስፈላጊ ሲሆን ስም በፊደል እንዲተካ ማዘዝ ይችላሉ። የእኛ የሰበር ሰሚ ችሎት ቅጾች የሠራተኞችን ሙሉ ስም ይዘው ታትመዋል። ስምን በፊደል መተካት ለእኛም ይጠቅማል፤ ለሰቆጣ ግን አይበቃም። ዘጋቢው የሕጉን ጭብጥ፣ የዳኛውን ምክንያትና የተፈረደውን ገንዘብ ሳይሸራርፍ ይጻፍ፤ ሴቲቱን የሚጠቁመውን ሁሉ ይተው። የሆቴሉ ስም እሷን የሚያጋልጥ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ እሷን ይጠይቅ። አሠሪው በዚህ ይጠቀማል የሚል ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከሁለቱ ጉዳቶች የእሷ ይከብደኛል።

«ከከሰስሁ፣ ከመሰከርሁ ያባርረኛል» የሚለው ፍርሃትም በሕግ መልስ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪን መክሰስንም ሆነ በክርክር መሳተፍን የስንብት ምክንያት አድርጎ አይቀበልም። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው የወሲብ ትንኮሳ የፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች፤ ከስንብት ክፍያው ሌላ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ ይገባታል። ይህን መብት የምትጠቀምበት ጊዜ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ ጀምሮ 15 የሥራ ቀናት ብቻ ነው፤ «ሰው ምን ይለኛል» እያለች የምታድራቸው ሌሊቶችም ከዚሁ ይቀነሳሉ።