ድመት መንኩሶ ዓመሉን ይረሳል?

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ ሳሎን ውስጥ ከድመታችን ከነብሮ ጋር ሲጫወት በድንገት ጮኸ። ሮጬ ስደርስ እጁ ላይ ሁለት የጥርስ ቀዳዳ፣ ክንዱ ላይ ደግሞ ሦስት የጥፍር ሰንበር አየሁ። ነብሮ ሶፋ ሥር ገብቶ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጥፎ “ፍፍፍ” ይላል።

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቴ የተፈጨ ቡና በእፍኛቸው ይዘው መጡ። “ይነስነስበት፣ ደሙን ያቆማል” አሉኝ። ቡናውን ተውኩና ልጁን ወደ ቧንቧ ወሰድኩት። እያለቀሰ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አጠብኩት። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ሄድን። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ተጀመረለት፣ የቴታነስ ክትባቱም ታየ። በአገራችን ይህን በሽታ በብዛት የሚያስተላልፈው ውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች። ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ “የቤት ድመት ናት” ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ማታ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሆነ። ልጄ “እማዬ፣ ይሄ ድመት ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይውጣ” አለች። ባለቤቷ ደግሞ “እማማ፣ እርስዎ አይጨነቁ። ነገ በጆንያ ከትቼ ቀለበት መንገድ ማዶ እጥለዋለሁ” አለኝ። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ቢሆንም አይሆንም አልኩ። እንቢ ያልኩት ለድመቱ አዝኜ ሳይሆን ለልጁ ብዬ ነው። የነከሰ ውሻ ወይም ድመት 10 ቀን ታስሮ መታየት አለበት። በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ይታመማል ወይም ይሞታል። በ10ኛው ቀን ደህና ከሆነ ክትባቱ ሊቋረጥ ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው። ድመቱን ከጣልነው ይህን የምናውቅበት መንገድ አይኖርም። ክትባቱን ግን ድመቱ እስኪታይ ብሎ ማዘግየት አይገባም፤ ተጀምሮ ነው የሚጠበቀው።

ነብሮን ዕቃ ቤት ዘጋንበትና የእንስሳት ሐኪም ቤት ድረስ ጠራን። ሐኪሙ ወጣት ነው። “አኮላሽልኝና ይህን ቁጣውን ይተው” አልኩት። በወፍራም ፎጣ ጠቅልሎ ሲመረምረው ጭራው ሥር፣ ፀጉሩ የሸፈነው መግል የያዘ እብጠት አገኘ። የሌላ ድመት ንክሻ ነበር። “ሲስተር፣ ልጁ የነካው እዚህ ጋ ሳይሆን አይቀርም። ማኮላሸቱ ጥሩ ነው፤ ሰው መንከሱን ያቆማል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም” አለኝ።

ከዚያ ያስረዳኝን ለእናንተም ላካፍል። የድመት ቁጣ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከወንድነት የሚመጣው ነው። ወንድ ድመት ካደገ በኋላ ሌሊት ጣሪያ ላይ ከሌሎች ወንዶች ጋር ይጣላል፣ ሴት ፍለጋ ቀናት ይጠፋል፣ ግድግዳና መጋረጃ ላይ የሚከረፋ ሽንት ይረጫል። ይህን የሚገፋፋው ከዘር ፍሬዎቹ የሚወጣው ሆርሞን ነው። ሌላው ቁጣ ደግሞ ከፍርሃት፣ ከሕመም ወይም ከጨዋታ የሚመጣ ነው። ይኼኛው ከሆርሞኑ ጋር ግንኙነቱ ትንሽ ነው።

የመጀመሪያውን ማኮላሸት በደንብ ይቀንሰዋል። የካሊፎርኒያ የእንስሳት ሐኪሞች በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ካደጉ በኋላ ከተኮላሹ ወንድ ድመቶች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ጠባቸውን፣ መዞራቸውንና ሽንት መርጨታቸውን ቀንሰዋል። ለውጡ በአንዳንዶቹ ላይ ቶሎ፣ በሌሎቹ ላይ በወራት ውስጥ ታይቷል። ለእኛ አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ኮርማና ሰንጋ እንዴት እንደሚለያዩ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ያቺ ቡና ይዘው የመጡት ጎረቤቴ “ፍጥረትን ማጉደል ነውር አይደለም ወይ?” ብለው ሲጠይቁኝም “ለበዓል የምንገዛው ሙክት ምንድን ነው?” አልኳቸው። ሳቁ።

ነገር ግን በእንጨት ወይም በድንጋይ መቀጥቀጥ የሚባለው የድሮ ዘዴ ለድመት አይታሰብም፤ ሥቃይ ነው። ሥራው የእንስሳት ሐኪም ነው። ድመቱ በማደንዘዣ ይተኛል፣ የዘር ፍሬዎቹ በትንሽ ቀዳዳ ይወጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከአራት እስከ ስድስት ወር ዕድሜው ላይ፣ ዓመሉ ሳይጠነክር ቢደረግ ይመረጣል። ከተኮላሸ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሴት ማስረገዝ ሊችል ስለሚችል እስከዚያ ከቤት ባይወጣ ጥሩ ነው። ቶሎ ስለሚወፍርም ምግቡን መመጠን ያስፈልጋል።

የእኛ ነብሮ በመጀመሪያ ቁስሉ ታጥቦ መድኃኒት ተሰጠው። 10ኛው ቀን በሰላም አለፈ፤ ልጄም እኔም የዚያን ዕለት እፎይ አልን። ቁስሉ ሲድን ተኮላሸ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ አላየሁበትም። በሁለተኛው ወር ግን የሌሊቱ ጩኸት ቆመ፣ መጋረጃዬም ከሽታ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ተነክሶ ቆስሎ አልመጣም። ይህ ራሱ ለልጁ ጥበቃ ነው፤ የዚያን ቀን ንክሻ ያመጣው ሕመም ነው፣ ሕመሙን ያመጣው ደግሞ የሌሊቱ ጠብ ነበርና።

ሆኖም አንድ ቀን የልጅ ልጄ እጁን ብርድ ልብስ ሥር እያንቀሳቀሰ ሲያጫውተው እንደገና ቧጨረው። “ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ” የሚሉት አበው አልተሳሳቱም። ድመት የሚንቀሳቀስ ነገር ማደን ተፈጥሮዋ ነው፤ ይህን ቢላዋ አያወጣውም። የቀረው ሥራ የእኛ የአዋቂዎቹ ነበር። ልጁን በገመድ ጫፍ በታሰረ ጨርቅ እንጂ በእጁ እንዳያጫውተው አስተማርነው። ሲበላና ሲተኛ እንዳይነካው፣ ጭራውን ማወናጨፍ ወይም ጆሮውን ማጣጠፍ ሲጀምር እንዲተወው ነገርነው። ነብሮም ልጁ የማይደርስበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ቦታ አገኘ።

ስለዚህ ወንድ ድመት ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ አኮላሹት፤ ትጠቀማላችሁ። ረጋ ያለ የነበረ ድመት በድንገት መናከስ ከጀመረ ግን አስቀድማችሁ ለሐኪም አሳዩት፤ የሚያመው ነገር ሊኖር ይችላል። ልጅ ከተነከሰ ደግሞ ውኃና ሳሙና፣ ቀጥሎ ጤና ተቋም። ድመቱን ለመጣል ጆንያ አትፈልጉ፤ እነዚያ 10 ቀናት ለልጃችሁ ያስፈልጉታል።