ሽቦ የሚሰብረው አጠላለፉ አይደለም

የብስክሌተኛውንና የጭነቱን ክብደት የሚሸከሙት ከመሀለኛው ሞዞ እስከ ዳርቻው ቸርኬ የተወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። በተለመደው ጎማ 36 ሽቦ አለ፤ በሞዞው ግራና ቀኝ ጆሮ 18 18 ሆኖ ይሰካል። እያንዳንዱ ሽቦ ወደ ቸርኬው ሲሄድ በዚያው ጎን ያሉትን ሌሎች ሽቦዎች ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያቋርጣል። ምንም ሳይጠላለፍ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት አደራደርም አለ።

ስለ አጠላለፍ ከሚባለው ሁሉ ብዙ ጉዳት ያደረሰው አንድ እምነት ነው፦ የኋላ ጎማ ሽቦ እየደጋገመ ከተሰበረ ጥፋቱ የአጠላለፉ ስለሆነ ጎማው ፈርሶ በሌላ አጠላለፍ መሠራት አለበት የሚለው።

ሽቦ በአብዛኛው የሚሰበረው በአንድ ከባድ ጭነት ሳይሆን ብረቱ ቀስ በቀስ ሲዝል ነው። ጎማው ሲዞር ወደ መሬት የቀረቡት ሽቦዎች ይረግባሉ፤ ከዚያ ሲያልፉ መልሰው ይወጠራሉ። ባለ 26 ኢንች ጎማ በአንድ ዙር ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪገባ እያንዳንዱ ሽቦ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ይረግባል፣ ይወጠራል። በደንብ የተወጠረ ሽቦ ይህን ለዓመታት ይችለዋል። የላላው ግን በየዙሩ ውጥረቱን ጨርሶ ያጣል፤ ሞዞው ጆሮ ውስጥ የተሰካው አንገቱ ወዲያና ወዲህ ይተጣጠፋል፤ ስንጥቁም እዚያው ይጀምራል። ሽቦውን ቸርኬው ላይ የሚያጠብቀው ዳዶም ውጥረት ሲያጣ በራሱ እየተፈታ ይሄዳል፤ ሸክሙ ወደ ጎረቤት ሽቦዎች ይዞራል፤ እነሱም በተራቸው ይሰበራሉ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆብስት ብራንት እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ብስክሌት ጎማ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በዝርዝር አስረድቷል።

እምነቱ ግን ከባዶ አልተነሣም። በሌላ አጠላለፍ የተሠራ ጎማ ብዙ ጊዜ በእርግጥ መስበሩን ያቆማል። የሚያቆመው ግን አዲስ ሽቦ ስለገባለትና ሁሉም እንደ አዲስ ስለተወጠረ ነው። ያው አዲስ ሽቦ በቀድሞው አጠላለፍ ገብቶ እኩል ቢወጠር ጎማው እንደዚያው ይጠነክር ነበር።

ጉዳቱ የሚመጣው ለቁጠባ ተብሎ አሮጌው ሽቦ ወደ አዲሱ አጠላለፍ ሲገባ ነው። አጠላለፍ ሲቀየር የሽቦው ርዝመትም ይቀየራል። የጆሮዎቹ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ክብ 44 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሞዞና በባለ 26 ኢንች ቸርኬ ላይ፣ ከሦስት ማቋረጥ ወደ አራት ሲኬድ ሽቦው 7 ሚሊ ሜትር ያህል መርዘም፣ ወደ ቀጥታው ሲኬድ ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ማጠር ይኖርበታል። የረዘመ ሽቦ በዳዶው አልፎ ካላማዳሪያውን ይወጋል። ያጠረው በጥቂት ጥርስ ብቻ ተይዞ ይቆይና ዳገት ላይ ወይም ቁልቁለት ላይ ይለቃል። አንገቱም በቀድሞው አቅጣጫ ስለተቀረጸ እንደገና ሲታጠፍ ቶሎ ይዝላል።

ከሁሉም የከፋው የኋላ ጎማን በቀጥታ አደራደር መሥራት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ሰንሰለቱ ሞዞውን ያዞራል፤ ሞዞው ቸርኬውን ይዞ ሊዞር የሚችለው ሽቦዎቹ ወደ ጎን አዘንብለው ሲስቡት ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1874 ያዘነበለውን አደራደር በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ለዚሁ ነው። ዲስክ ፍሬን ያለው የፊት ጎማም ሞዞው ላይ ስለሚያዝ ያው ሕግ ይገዛዋል። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ የሐረጎን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ቀጥታ ሽቦ መምከር ይቅር የማይባል ቸልተኝነት ነው።

ሽቦ የሰበረ ጎማ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የውጥረት ምርመራ ነው። ሽቦዎቹ እንደ ክራር ጅማት በጣት ሲነኩ በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ማሰማት አለባቸው። ባለ ማርሽ ብስክሌት የኋላ ጎማ ላይ ግራውና ቀኙ እኩል አይሆኑም፤ በማርሹ በኩል ያሉት ይበልጥ ይወጠራሉ። አንድ ሽቦ ብቻ ከተሰበረ እሱ ተተክቶ የቀሩት እኩል ይወጠራሉ። በተለያየ ጊዜ ሦስት አራት ከተሰበሩ የቀሩትም ዝለዋልና ሁሉም በአዲስ ይለወጡ፤ ርዝመቱም አጠላለፉም የቀድሞው ይሁን። ሥራው ሲያልቅ ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ በእጅ አጥብቆ መጭመቅ አንገታቸውን በቦታው ያስቀምጣል። ብዙ ሠሪ የሚዘለው ይህን ነው።

ቀጥታ ሽቦ ጎማን ያቀላል መባሉ እውነት ነው፤ ግን በ36 ሽቦ የሚቀነሰው ክብደት ከ11 ግራም አይበልጥም። ማቋረጡ በበዛ ቁጥር ጎማው ይጠነክራል የሚባለውም ልክ አይደለም። በ36 ቀዳዳ ሦስትና አራት ማቋረጥ እምብዛም አይለያዩም፤ በ28 ቀዳዳ ደግሞ አራት ከተደረገ ሽቦው በጎረቤቱ ራስ ላይ ይወጣል። ወፍራም ሽቦ ሁልጊዜ ይሻላል ማለትም ስሕተት ነው፤ ጫፍና ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ መሀሉ ወደ 1.8 የቀጠነ ሽቦ መሀሉ ስለሚለጠጥ አንገቱን ከመዛል ያድነዋል።

ፔዳል ሲረገጥ የሚስቡት ሽቦዎች ከሞዞው ጆሮ በውስጥ በኩል ይውጡ ወይስ በውጭ የሚለው ጥያቄ ግን ባለሙያዎችን እስካሁን አላስማማም። በሁለቱም መንገድ የተሠሩ ጎማዎች ረጅም ዘመን ያገለግላሉ።