ነርስ ወይስ የሐኪም ረዳት? ምርጫው ከሐርጌሳ ሲታይ

በሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ የጤና ሙያ የሚመኝ ወጣት፣ አሜሪካ ካሉ ዘመዶቹ ሁለት የሙያ ስሞችን ሊሰማ ይችላል፦ “ፊዚሺያን አሲስታንት” እና “ነርስ ፕራክቲሽነር”። የሁለቱም ባለሙያዎች ሕሙማንን ይመረምራሉ፤ መድኃኒትም ያዝዛሉ። ሐኪሞች ግን አይደሉም።

ሁለቱም ሙያዎች በአሜሪካ የተጀመሩት እአአ በ1965 ነው። ፊዚሺያን አሲስታንትን በዱክ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሐኪሙ ዩጂን ስቴድ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በባሕር ኃይል በሕክምና ረዳትነት ያገለገሉ ነበሩ። ነርስ ፕራክቲሽነርን ደግሞ ነርሷ ሎሬታ ፎርድ እና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ መሠረቱት። አጀማመራቸው ዛሬም ይለያቸዋል። ፊዚሺያን አሲስታንቶች እንደ ሐኪሞች አጠቃላይ ሕክምና ስለሚማሩ ከአንዱ የሕክምና ክፍል ወደ ሌላው መዛወር ይቀላቸዋል። ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ግን በቅድሚያ ነርስ መሆን ግድ ነው። በምላሹ ከግማሽ በላይ በሆኑት የአሜሪካ ግዛቶች ያለ ሐኪም ቁጥጥር መሥራት ይቻላል።

ከሐርጌሳ ለሚነሳ ተማሪ ወሳኙ ጉዳይ ሌላ ነው። አሜሪካ በፊዚሺያን አሲስታንትነት ለመሥራት እዚያው እውቅና ካለው ተቋም መመረቅ ያስፈልጋል፤ በውጭ አገር የተገኘ ተመሳሳይ ሥልጠና ለፈተናው አያበቃም። በሌላ አገር የተመረቀ ነርስ ግን የትምህርት ማስረጃውን አስመርምሮ ለነርሶች ፈቃድ ፈተና የሚቀርብበት መንገድ አለ። ማስረጃው ተቀባይነት ማግኘቱ ግን አስቀድሞ የተረጋገጠ አይደለም፤ ሶማሌላንድ ሰፊ ዓለም አቀፍ እውቅና የሌላት በመሆኗ ደግሞ ተማሪዎች ይህንን ከመመዝገባቸው በፊት ቢያጣሩ ይበጃል።

የጎረቤት ኢትዮጵያ ልምድም ይህንኑ ያሳያል። እአአ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጥናቸው የነበሩት ጤና መኮንኖች ሥራቸው ለፊዚሺያን አሲስታንት ይቀርባል። እአአ በ2009 በተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ያለፉት ደግሞ በገጠር ሆስፒታሎች እናቶችን በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ። ይህ ሁሉ ብቃት ግን ባሕር ማዶ በራሱ የሥራ ፈቃድ አያስገኝም።

በሐርጌሳ ነርስነትና አዋላጅነት ሥር የሰደዱ ሙያዎች ናቸው። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ኤድና አዳን ኢስማኢል እአአ በ1961 ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ለሴት የተዘጋጀ የሥራ መደብ ባለመኖሩ ለወራት ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። እአአ በ2002 በከተማዋ በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል ከፍተዋል፤ ነርሶችንና አዋላጆችንም አሠልጥነዋል። እዚያ ተምሮ አዋላጅ የሚሆን ሰው፣ አሜሪካ የመሄዱ ዕድል ባይሳካለት እንኳ፣ ሙያውን በየወረዳው የሚፈልጉት እናቶች አሉ።